ማንኪራ ይቆይ

ከጅማ የተነሣ መኪና ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ያይላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ የከፋን ዳገት ሲያያዘው ደግሞ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር በመስኮት ይገባል። ከዚያ እስከ ቦንጋ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ እንሰት የከበባቸው ቤቶች ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ጫካው እየቀረበ ይመጣል። አስጎብኚው ከፊት ወንበር ዞሮ ስለ ጫካው ማስረዳት ሲጀምር እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። ትናንት ዋሽንግተን ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ቦሌ ወርደው ወዲያው በአገር ውስጥ በረራ ጅማ ገብተዋል። አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሰውነታቸው በያዘው ሰዓት ግን ገና ጎህ መቅደዱ ነው። የጉዞ ሰሌዳቸው ለዚህ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሥራ ይዟል፦ ምሳ፣ ከዚያ የማንኪራ ጫካ፣ የቡና እናት የሚባለው ዛፍ። ሳህኑ ሳይነሣ ሾፌሩ ሞተር ያስነሣል። እንግዶቹ ጭቃውን እየዳከሩ ወርደው፣ ዛፉ ሥር ቆመው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ማታ አልጋቸው ላይ ይወድቃሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም ዓይናቸው ፈጦ ጣሪያ ይቆጥራሉ።

እንዲህ ያለው ሰሌዳ በከፋ ጉዞ የተለመደ ነው፤ ለምን እንደተለመደም ለመገመት አያዳግትም። ሰው ከዓለም ዳርቻ ድረስ የሚመጣው የቡናን መገኛ ለማየት ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱኑ ማሳየት ተገቢ ይመስላል። እኔ የምሟገተው በተቃራኒው ነው። ከሩቅ የሰዓት ቀጠና የመጣ ሰው የመጀመሪያ ከሰዓት በኋላው ለቦንጋ ከተማ መሰጠት አለበት፤ ገላጣ ላይ፣ በዝግታ፣ በእግር። ማንኪራ ይቆይ። ይህን የምለው ለእንግዳው አዝኜለት ብቻ አይደለም። ከፋ የምታሳየው ነገር ንቁ ዓይን ይፈልጋል፤ ያንን ዓይን ደግሞ የመጀመሪያው ቀን አያገኘውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰውነት አሠራር ነው። አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ በጣም አነስተኛ የሕዋሳት ክምችት አለ። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ የሰውነታችን ሙቀት መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚራበን የሚያቀናጀው እሱ ነው። በሕዋሳት ውስጥ ያለው ይህ ሰዓት በዘረመል ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ የገለጡት ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የአብዛኞቻችን የውስጥ ሰዓት ዑደት ከ24 ሰዓት ጥቂት ይረዝማል፤ ስለዚህ በየቀኑ ከውጭ መታረም አለበት፣ ዋናው አራሚም ብርሃን ነው። በአንድ ሌሊት ሰባትና ስምንት የሰዓት ቀጠና ያቋረጠ ሰው ከነአሮጌው ሰዓት ይደርሳል። ሰውነቱ የሚስተካከለው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል እያለ ነው። ወደ ምሥራቅ የበረረ ደግሞ ወደ ምዕራብ ከበረረው የበለጠ ይቸገራል፤ በተፈጥሮው መዘግየት የሚቀናውን ሰዓት ወደ ፊት መግፋት ይጠበቅበታልና። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሁሉ በዚህ በከባዱ አቅጣጫ ይመጣል።

በበቅሎ ዘመን እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ከእናርያ ተነሥቶ ቦንጋ ሲገባ ጉዞው የተለካው በበቅሎ እርምጃ ስለነበር ፀሐይና ሰውነቱ አልተላለፉም። ችግሩ የጄት ልጅ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ዎቹን ተረክቦ ከዚህ ዘመን ጋር ተቀላቅሏል። ስሙም እንዳለ ወደ ቋንቋችን ገብቷል፤ ዲያስፖራው ሁሉ «ጄት ላጉ አልለቀቀኝም» ይላል።

ለጄት ላግ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «እንደደረስክ የጠዋት ፀሐይ ውጣ» የሚል ነው። ለብዙ መንገደኛ ጥሩ ምክር ነው፤ ከዋሽንግተን ለሚመጣ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን የተገላቢጦሽ ይሠራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሰው የሰውነት ሙቀት ከመንቃቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ነጥብ በፊት ያገኘው ብርሃን የውስጥ ሰዓቱን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፤ ከነጥቡ በኋላ ያገኘው ወደ ፊት ይገፋዋል። ዋሽንግተን ላይ በነሱ አቆጣጠር ከንጋቱ 7 ሰዓት የሚነቃ ሰው ዝቅተኛ ነጥቡ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ በክረምታቸው፣ የሰዓቱ ልዩነት ስምንት ሲሆን፣ በእኛ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ይውላል፤ በበጋቸው ልዩነቱ ወደ ሰባት ስለሚወርድ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው ቦሌ ወርዶ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ሰዓቱን በተሳሳተ አቅጣጫ ይጎትተዋል። መልካሙን ብርሃን የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወይም ከሲያትል ለመጣ ደግሞ ነጥቡ ይበልጥ ይዘገያል፤ እስከ 8ና 9 ሰዓት ድረስ ጥላ ቢፈልግ ይሻለዋል። ከወዲያ በኩል፣ ለምሳሌ ከጃፓን፣ ቡና ፍለጋ የሚመጣውስ? እሱ ወደ ምዕራብ ስለበረረ ሰዓቱን ማዘግየት ነው የሚፈልገው። የእሱ ዝቅተኛ ነጥብ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚውል፣ ከዚያ በፊት ያለው የከሰዓት በኋላና የአመሻሹ ብርሃን ለእሱም ይጠቅማል። ከሁለቱም የዓለም ጫፍ የሚመጣ እንግዳ የሚገናኝበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ተኩል። ቦንጋ ላይ በነዚያ ሰዓታት ምን መሠራት እንዳለበት የሚወሰነው እንግዲህ በዚህ ነው።

ቦንጋ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ያህል ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፣ ማታም ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትገባለች፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል አንድ ሰዓት የማይሞላ ልዩነት ነው ያለው። በርሊን ላይ የበጋ ቀን ወደ 17 ሰዓት ይሄዳል፣ የክረምቱ 8 ሰዓት አይሞላም። የውስጥ ሰዓቱ ለተናጋበት ሰው እንደዚህ የማትዋዥቅ ፀሐይ ትልቅ እርዳታ ናት፤ ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን የምንቆጥረው የኛው አቆጣጠርም ለዚህ ፀሐይ የተሠራ ነው። የብርሃኑ መጠን ደግሞ በቦታ ይለያያል። ገላጣ ሜዳ ላይ የቀትር ፀሐይ በብርሃን መለኪያ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ደመና የሸፈነው ሰማይ እንኳ 10,000 አካባቢ ይሰጣል። ሆቴል ክፍል ውስጥ ያለው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የደን ወለል ላይ ደግሞ ከላይኛው ብርሃን የሚደርሰው ጥቂት እጅ ነው። የከፋ ቡና ዱር ሆኖ የኖረው ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በጥላ ነው። ቡናውን ያኖረው ይኸው ጨለማ ለደከመው እንግዳ የመጀመሪያ ከሰዓት በኋላ አይሆንም፤ በጣም ብርሃን በሚያስፈልገው ሰዓት ከብርሃን እናርቀዋለን፤ በዚያ ላይ በተዛለ እግር ቁልቁለትና ጭቃ እናስወርደዋለን።

ታዲያ ከተማዋ ምን አላት? ብዙ ሰው «ቦንጋ ላይ የሚታይ የለም፣ ማደሪያ ናት» ይላል። ለሦስት ሰዓት ዝግተኛ ጉዞ የሚበቃ ሀብት ግን አላት፤ ሀብቷም ለደከመ ሰው የሚስማማ ዓይነት ነው። ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኮረብቶች የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ከፍ ካለ ደጃፍ ላይ ሆኖ ጫካውን ሳይገቡበት በሩቁ ማየት ይቻላል። ዳር ዳር ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠው ማየትም ብርቅ አይደለም፤ ለዚያ መራመድም አያስፈልግም፣ ቀና ማለት ይበቃል። ገበያው አለ። ኮረሪማው በክር ተሰክቶ፣ ጥምዙ በክምር፣ ማሩ ከነሰፈፉ፣ ቆጮው በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ጭራቸው ሰፋፊ የቦንጋ በጎች ይነዳሉ። ኮረሪማና ጥምዝ በዚህ ደን የሚበቅሉ ቅመሞች ናቸው፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጫካ የሚገባው እንግዳ ዛሬ እጁ ላይ አሽቶ ካሸተታቸው፣ ያን ጊዜ ተክሉን ሲያይ ያውቀዋል። እኔ ገበያውን ከከተማዋ የቡና ሙዚየም አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ብርሃን ነው። ሙዚየም ውስጥ መቆም ለመጀመሪያ ቀን ከባድ ነው፤ የቆመ ሰው ጽሑፍ እያነበበ ቶሎ ያንቀላፋል።

ሙዚየሙን ግን ጨርሶ መተውም አይገባም። ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም በዓል ጋር ተያይዞ የተጀመረው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለቡና ብቻ የተሠራ ቤት ነው። ግማሽ ሰዓት ከተሰጠው ይበቃል፤ የቀረውን በመጨረሻው ቀን መመለስ ይቻላል። ከሙዚየሙ ይልቅ የከፋ ታሪክ በእግር እየሄዱ ቢነገር ይሻላል፤ ታሪኩ እንቅልፍ የሚያባርር ዓይነት ነውና። የከፋ መንግሥት በጥልቅ ጉድጓድና በበር ተከልሎ ለዘመናት ራሱን ችሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከወራት ዘመቻ በኋላ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ዘውዱ በአፄ ምኒልክ አማካሪ በስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ለግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ያንን አገር ሲጎበኙ ተመለሰ። ከላይ የጠቀስኩት ዳባዲም ቢሆን ከፋን ያየው በቦንጋ በኩል ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ተመልሷል። በጽሑፍ የምናውቀው የመጀመሪያው አውሮጳዊ ጎብኚ ከተማዋን ለማየት አሥራ አንድ ቀን ካልበዛበት፣ ዛሬ ከዚህ ሁሉ ርቀት የሚመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ሊነፍጋት አይገባም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ቡናው። የዓለምን ሕዝብ እንቅልፍ የሚነሣው ተክል አገር ገብቶ እንቅልፍ መፈለግ እንግዳ ነገር ነው። የካልዲና የፍየሎቹ ተረት ራሱ የንቃት ተረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ በታተመው የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ እረኛው ስም የለውም፣ መነኮሳቱ ግን ለሌሊት ጸሎት እንዲነቁ ፍሬውን አፍልተው ይጠጣሉ። (እረኛው የከፋ ነው ወይስ የጅማው ጮጬ የሚለው ሙግት ለሌላ ቀን ይቆይ።) ካፌይን የሚሠራው አንጎል ውስጥ የድካም ምልክት የሚያደርሰው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚቀመጥበትን ቦታ በመያዝ ነው። ድካሙ አይጠፋም፤ መልእክቱ ብቻ ይታገዳል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሽ ኃይሉን ይዟል ማለት ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት የተወሰደ የሁለት ኤስፕሬሶ ያህል ካፌይን የሰውነትን ሰዓት በ40 ደቂቃ ገደማ ያዘገየዋል። ከአሜሪካ የመጣው እንግዳ ሰዓቱን ማፍጠን ሲገባው የማታ ቡና ወደ ኋላ ይጎትትበታል። በከሰዓት በኋላው ጉዞ ያተረፈውን ማታ በስኒ ይከስረዋል።

ስለዚህ ቡና ይቅር ልበል? አልልም፤ እንዲያ ያለ ምክር ቦንጋ ላይ የሚሰማውም የለም። ሰዓቱ ግን ሊቀየር ይችላል። ምሳ እንደተበላ፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው፣ አቦሉ ቢቀርብ እንግዳው ለጉዞው ንቃት ያገኛል፤ ሲመሽ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ለደከመ ሰው ከየትኛውም ጉብኝት ይስማማል፦ መቀመጥ አለው፣ ጥሬው ሲታጠብና ሲቆላ ማየት አለው፣ ጭሱን ወደ አፍንጫ መሳብ አለው፣ ወሬ አለው፣ የሚያስቸኩል የለም። በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ከተፈላ ብርሃኑም ይገኛል። በደቡብ ምዕራብ የቡናውን ቅጠል ከቅመም ጋር አፍልቶ መጠጣትም የቆየ ልማድ ነው፤ አንዳንድ አስጎብኚ ይህን «ቀላል ነው» ብሎ ማታ ያቀርበዋል፣ ግን ቅጠሉም ካፌይን አለው። ጠጅስ? የከፋ ማር ጥሩ ጠጅ ይሆናል፣ ቶሎም ያስተኛል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ለሁለተኛው ምሽት ቢቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውጭ አገር ቱሪስቱ አይደለም፤ የቤቱ ልጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ከአሜሪካ የሚመጣው የቦንጋ ልጅ ሆቴል አይወርድም፤ የሚጠብቀው ሰሌዳ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። እናት ዶሮውን ሠርተው፣ አጎት በጉን አሳርደው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቃል። «በሞቴ አንዲት ስኒ» ያሉ እትዬን «ጄት ላግ አለብኝ» ብሎ መመለስ ነውር ነው፣ ነውርም ሆኖ ይቆይ። መፍትሔው እምቢታ ላይ አይገኝም፤ ግብዣውን ቀድሞ በማመቻቸት ላይ ነው። በስልክ አስቀድሞ «ቡናውን በምሳ ሰዓት እንጠጣው፣ ከዚያ ሰፈሩን በእግር እንዙር፣ ዘመድም መንገድ ላይ እንሳለም» ማለት ይቻላል። ዘመድ ለመሳለም ከደጅ ወደ ደጅ መሄድ በከፋም በሌላውም አገራችን የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ሐኪም ከሚያዝዘው የብርሃን ጉዞ በምንም አይለይም። የሚጎዳው በጨለማ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያዩ እስከ እኩለ ሌሊት በረካውን መደጋገም ነው። ያ ልጅ መኪና ተከራይቶ ራሱ እየነዳ ከቦሌ ቀጥታ ቢመጣ ደግሞ ነገሩ ከእንቅልፍ አልፎ ከሕይወት ጋር ይያያዛል። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ምን ያህል እንደደከሙ ራሳቸው በትክክል እንደማይገምቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ቃል እዚህ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የቀን ጥበት ነው። «እንግዳው ያለው አምስት ቀን ነው፤ አንዱን ለከተማ ከሰጠን ባርታ ፏፏቴ ይቀራል፣ የእግዜር ድልድይ ይቀራል፣ የጎጀብ ረግረግ ይቀራል።» ይህ ሙግት የሚቆጥረው የታዩ ቦታዎችን ነው። ከተቆጠረ ግን የሚታወስ ነገር ይቆጠር። ያልተኛ አንጎል አዲስ ነገር በደንብ አይመዘግብም፤ የመጀመሪያው ቀን ማንኪራ ብዙ ጊዜ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ልቀበል፦ ሰሌዳው በእርግጥ የሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። በሦስት ቀን ውስጥ ሰውነት የትም አይደርስም፤ ያን ጊዜ ማስተካከሉን ትቶ በነቃበት ሰዓት የሚፈልገውን ማየት ይሻላል። እኔ የምናገረው አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ስላለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። የጫካ መንገድ መሪዎች «ቀን ተቀነሰብን» ሊሉ ይችላሉ። ግን ማንኪራ አልተሰረዘም፣ ቀኑ ተሸጋገረ እንጂ። ምሳ በልቶ ጫካ አይቶ በማግስቱ የሚሄድ እንግዳ ለከተማዋ የሚተወው አንድ ምሳና አንድ አልጋ ነው። ከተማዋን በእግሩ የሚያያት ደግሞ ማር ይገዛል፣ ኮረሪማ ይገዛል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ሙዚየም ይገባል፣ ሁለተኛ ሌሊት ያድራል። ከፋ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ይዛ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት እ.ኤ.አ. በ2010 ስትመዘገብ ሐሳቡ ራሱ ደንና ሰው አብረው እንዲኖሩ ነበር፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢም በጥቂት የጫካ ቦታዎች ከሚከማች ቢሰራጭ ለሐሳቡ ይቀርባል። ቦንጋም ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ እንግዳ ማሳለፊያ ሆና መቅረት አይመጥናትም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ አልመልሰውም፤ ትክክል ነውና። ወደ ከፋ ከሚመጡት ጥቂት የማይባሉት፣ በደኑ ላይ ለዓመታት የሠራውን ናቡ የተባለውን የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሰዎች ጨምሮ፣ ከጀርመንና ከአጎራባች አገሮች ናቸው። የእነሱ የሰዓት ልዩነት በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያ ጄት ላግ አይባልም። የሌሊት በረራ የወሰደው አንድ ሌሊት እንቅልፍ አለባቸው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ጥሩ ሌሊት ይመልሱታል። ለጀርመናዊው የብርሃን አቅጣጫ ማስላት ትርፍ ነው፤ ጅማ ወይም ቦንጋ አንድ ሌሊት ይደር፣ በማግስቱ ጠዋት ማንኪራ ይሂድ። ስህተቱ የሚመጣው ለእሱ የተሠራው ሰሌዳ ሳይለወጥ ለዋሽንግተኑና ለቶኪዮው ሲሰጥ ነው። ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነጻ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

ዝናብስ? ከፋ ከአገሪቱ ዝናባማ አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ከሰዓት በኋላ መምጣቱም የተለመደ ነው። ካፊያ ከሆነ ጃንጥላ ይበቃል፤ ከበረታ በረንዳ ይበቃል። ከላይ እንዳልኩት የደመናማ ሰማይ ብርሃን ከክፍል ውስጡ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኖ ዝናቡን ማየትም ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ጉብኝት ነው። ክፍል ገብቶ መጋረጃ መዝጋት ግን ሁሉንም ያበላሻል። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ ያልበለጠ እንቅልፍ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ይፈቀዳል፤ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ 12 ሰዓት ላይ የነቃ ሰው ሌሊቱን ራሱ ፈርዶበታል። በአውሮፕላን ወደ ጅማ መቀጠል ሳይመች ቀርቶ የመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ካለፈም ሕጉ ያው ነው፦ እንጦጦ መውጣት ይቅር፣ ከፍታው ብቻውን ያደክማል፤ ከቀትር በኋላ ገላጣ መንገድ ላይ በዝግታ መራመድ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአሜሪካ የመጣው እንግዳ አሁንም ከጠዋት ብርሃን ቢርቅ ይሻለዋል፤ ከብርሃን አንጻር ብቻ ካየነው ያን ጠዋት የጫካ ጥላ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይከልለዋል። የሚያግደው እግሩና ሚዛኑ ነው፤ ስለዚህ በቅርብ ያለ አጭር መንገድ ይመረጥለት። በሦስተኛው ቀን ማንኪራ ይሂድ፤ ሲወርድ አስጎብኚው የሚለውን ይሰማል፣ ሲወጣ ይጠይቃል። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ይገለበጣል። ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ሰዓቱን ማዘግየት ይጠቅመዋል፤ በመጀመሪያው ምሽት የተከለከለው የማታ ቡና በመጨረሻው ምሽት ይፈቀድለታል። ለስንብቱ ቡናው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይቆላ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አንዱም ሳይቀር ይጠጣ፤ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳው ሾፌር ግን ቀደም ብሎ ይተኛ።